የሐይቅ ወፎች የት ይታቀፉ?

ሐይቅ ሄዶ ወፍ ሳያይ የተመለሰ ሰው የለም። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የወፍ ድምፅ ነው። ፔሊካኑ ይንሳፈፋል፣ ይብራው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ዳር ዳሩን ሣር ይግጣል፣ ጥቋቁሮቹ ደግሞ ፊላው ውስጥ እየገቡ ይወጣሉ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ደስ ይላል። ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ የምናያቸው ወፎች በሙሉ ወይ እየበሉ ነው ወይ እያረፉ ነው። ሲታቀፉ ያየ ሰው ጥቂት ነው። እንቁላላቸውን የት ይጥላሉ? ጫጩቶቻቸውን የት ያሳድጋሉ? እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ምግብ ያለበት ሐይቅ ሁሉ መውለጃ ቦታ አለው ማለት አይደለም።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እንደ ሐይቅና እንደ ጨፋ ረግረግ ባሉ ቦታዎች ላይ ለወፎቹ ትንንሽ ደሴት መሥራት እንችላለን፣ መሥራትም አለብን ባይ ነኝ። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። እውቀቱ አለ፣ ዕቃውም ቤታችን ነው።

ወፍ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዛፍ ነው። ብዙ የውኃ ወፍ ግን ዛፍ ላይ አይታቀፍም። የዱር ዳክዬ መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ተሸሽጋ ነው የምትጥለው። ቡናማው ይብራ፣ ያ ዓይኑ ዙሪያ የጠቆረው፣ ዛፍም ገደልም ሌላ ወፍ የተወው አሮጌ ጎጆም ይሆነዋል፤ ከውኃ ዳር ሣር መሐል መሬት ላይም ይተኛል። ከ5 እስከ 12 እንቁላል ትጥላለች፣ ከ28 እስከ 30 ቀን ትታቀፋለች። አንድ ወር ሙሉ ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀበሮው፣ አነሩ፣ ሸለምጥማጡ፣ የሰፈሩ ውሻ፣ ጦጣው ሳያያት ማለፍ አለባት። ከዚያ ደግሞ ከብቱ አለ። ከብቱ ክፋት የለውም፣ ውኃ ሊጠጣ ሲወርድ ረግጦት ያልፋል እንጂ።

ድሮ በእርሻውና በውኃው መሐል ሰፊ የፊላና የቀጠማ አጥር ነበር። አሁን ግን ዳሩን ስትዞሩት እርሻው እስከ ውኃው ጠርዝ የወረደበት ቦታ ብዙ ነው። ገበሬውን አልወቅስም። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጅ ብዙ ነው፣ ውኃ አጠገብ ያለች ጭቃ ደግሞ ሽንኩርትም በቆሎም ታበቅላለች። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ወፉ ተሸሽጎ የሚታቀፍበት ቦታ እየሳሳ ይሄዳል።

ቀጠማውም አለ። ወሎ ላይ ቡና ሲፈላ ቤቱ ይጎዘጎዛል፣ አለበለዚያ ቡናው ቡና አይመስልም። አረፋም ይምጣ እንቁጣጣሽ፣ ሠርግም ይሁን ዱአ፣ ጉዝጓዙ አይቀርም። እኔም ያደግኩት በዚያ ሽታ ነው፣ እንዲቀር በፍጹም አልፈልግም። ነገር ግን ብዙዎቹ የውኃ ወፎች እንቁላል የሚጥሉት ዝናቡን ተከትለው ነው፤ ውኃው ሲሞላ፣ ሣሩ ሲረዝም። ቀጠማው ለምልሞ የሚታጨድበትም ጊዜ ያው ነው። አጫጁ ማጭዱን ይዞ ሲገባ እናቲቱ ትነሣለች፣ እንቁላሉ ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ቁራው ደግሞ ከላይ እያየ ነው። አጫጁ ጎጆ እንዳፈረሰ እንኳ ላያውቅ ይችላል።

አንዳንዶቹ ወፎች ታዲያ ለዚህ ሁሉ መላ አላቸው። ውኃው ላይ ይሠራሉ። እነዚህን በደንብ ላውራላችሁ፣ ምክንያቱም ደሴት የመሥራቱ ሐሳብ በእነሱ ውስጥ አለ።

ግንባሩ ላይ ነጭ ጋሻ ያለው፣ ከጋሻው በላይ ሁለት ቀያይ እብጠቶች የሚታዩበት ጥቁር ወፍ አለ። ፊላና ሌላ የውኃ ተክል እየቆረጠ፣ እየከመረ የራሱን ተንሳፋፊ ክምር ይሠራል፣ ከቆመው ተክል ጋር ያያይዘዋል፣ ከዚያ ላይ ይታቀፋል። ውኃው ከፍ ሲል ክምሩም ከፍ ይላል። ሌላዋ ትንሿ ጠላቂ ወፍ ናት፤ ቀና ስትሉ የነበረች፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ድረስ ጠልቃ ሌላ ቦታ ብቅ የምትለው። እሷም ተንሳፋፊ ጎጆ ነው የምትሠራው። ከጎጆዋ ስትነሣ እርጥብ ቅጠል እየጎተተች እንቁላሏን ትሸፍነዋለች። ከላይ የሚዞረው ጭልፊት የሚያየው የበሰበሰ ቅጠል ክምር ብቻ ነው።

ጃካና የሚሏት ደግሞ አለች፣ ጣቷ ረጃጅም ስለሆነ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የምትራመደው። የእሷ ኑሮ የሚገርም ነው። የሚታቀፈው ወንዱ ነው። ሴቷ ጥላለት ትሄዳለች፣ ሌላ ወንድ ዘንድም ትጥላለች፤ አባትየው ይታቀፋል፣ ጫጩቶቹን ያሳድጋል፣ አደጋ ሲመጣ በክንፉ ሥር ሰብስቦ እግራቸው እየተንጠለጠለ ይዟቸው ይሮጣል። ጎጆው ግን በጣም ስስ ነው፣ አንዳንዴ እንቁላሉ ውኃ ሊነካ ምንም አይቀረውም። የሞተር ጀልባ የሚያስነሣው ማዕበል ብቻ ይበቃዋል።

እነዚህ ሁሉ ያገኙት መፍትሔ አንድ ነው። በራሳቸውና በዳሩ መሐል ውኃ ማድረግ።

የሐይቅን አፈጣጠር ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጣና ነፍሰ ጡሯ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው። ልዕልቲቱም ወገኖቿም ሰጠሙ። ያቺ የተቀመጠችባት መሬት ደሴት ሆና ቀረች፣ ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት እሷ ናት ይባላል። ሐይቅ አፍ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ የምናስበው ስለ ፍርድ ነው። እኔ አሁን አሁን የማስበው ስለ ነፍሰ ጡሯ ነው፤ ልትወልድ የተቃረበችን ሴት ውኃው ከብቦ ጠበቃት።

ግን ያቺ ደሴት ዛሬ ደሴት አይደለችም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ያጸኑባት ያቺ ቦታ አሁን ባሕረ ገብ መሬት ናት፣ ወንዶች በእግራቸው ይገቡባታል። ውኃው ሸሽቶ ከዳሩ ጋር ተገናኘች። ለወፍ ደሴት መሥራት የሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ትምህርት አያስፈልገውም። ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከላይ ከአርድቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ ይቀበላል፣ ከዝናቡ ይቀበላል፣ የሚቀንሰው ደግሞ በአብዛኛው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ከፍታው እንደ ዓመቱ ዝናብ ይወጣል ይወርዳል። ዘንድሮ ደሴት የሆነ አፈር በደረቅ ዓመት ቀበሮው በእግሩ የሚገባበት ይሆናል። በጥጋብ ዓመት ደግሞ ይሰጥማል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኪምበርሊ ከተማ አጠገብ ካምፈርስ ዳም የሚባል ውኃ አለ፣ በአብዛኛው ከከተማዋ በሚወጣ ፍሳሽ የሚሞላ። ትንሹ ፍላሚንጎ በብዛት ይበላበት ነበር፣ ግን አይወልድበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በውኃው መሐል የላቲኑን የኤስ ፊደል የመሰለ ደሴት ተሠራለት። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ በነበረው ወቅት ወፎቹ ወጥተው ታቀፉ፤ 9,000 ያህል ጫጩት ተፈለፈለ። ይህ ወፍ በአፍሪካ ውስጥ የሚራባው በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ዜናው ትልቅ ነበር። ደሴቲቱን ያሸነፋት ምን መሰላችሁ? ውኃው ራሱ። ከፍ አለና አሰጠማት፣ ወፎቹም መታቀፋቸውን አቆሙ። ደሴት ሠርቶ ስለ ውኃው ከፍታ አለማሰብ አይሆንም።

ፈረንሳይ ውስጥ ካማርግ በሚባለው ረግረግ የሆነው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ለፍላሚንጎ ደሴት ሠሩ። ወፎቹ ዞር ብለው አላዩአትም። ዓመታት አለፉ። በኋላ ሰዎቹ በእጃቸው የጭቃ ጎጆ እየሠሩ ደሴቲቱ ላይ ደረደሩ፣ ቀድሞ ሌሎች ወፎች የታቀፉበት ቦታ እንዲመስል። በ1974 ወፎቹ መጡ። በእርግጥ የእኛ ይብራ ፍላሚንጎ አይደለም፤ ፍላሚንጎ በመንጋ ነው የሚራባው፣ ይብራ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ግን ሰው ሠርቶ ጨርሶ በሳምንቱ ወፍ ሲያጣ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው የነገርኳችሁ። ወፍ ጠርጣራ ነው። ጊዜ ስጡት።

ለሐይቅ ከሁሉም የሚቀርበው የስኮትላንዱ ነው። እዚያ ጉሮሮው የጠቆረ ትልቅ ጠላቂ ወፍ አለ። እግሩ ወደ ኋላ ስለሆነ መሬት ላይ መሄድ አይችልም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጎጆው ከውኃው ጠርዝ አይርቅም። ውኃው ትንሽ ከፍ ካለ እንቁላሉ ይሰጥማል፣ ትንሽ ከሸሸ ደግሞ ወፉ መድረስ ያቅተዋል። ሰዎቹ ከእንጨት ተንሳፋፊ መደብ ሠሩ፣ ላዩ ላይ ሣር ከነአፈሩ ቆርጠው አነጠፉበት፣ በገመድ አሠሩት። ውኃው ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። ወፎቹ ተቀበሉት፣ ከዳሩ ይልቅ መደቡ ላይ ብዙ ጫጩት ማሳደግ ቻሉ። ያ ጥቁሩ ወፋችን በፊላ የሚሠራውን ሰው በእንጨት ሠራው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ስለዚህ ለሐይቅ የሚሆነው ተንሳፋፊው ነው። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ መሐሉ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ አፈር እየጫናችሁ ደሴት ልትሠሩ አትችሉም። ዳር ዳሩ ግን ነፋስ የማያገኘው ጥግ አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዛፍ ወይም ከቀርከሃ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ማዕቀፍ ታሥራላችሁ። ሥሩ የሚያንሳፍፈው ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ ጄሪካን ይሆናል፤ ፀሐይ እንዳይነካው መሸፈን አለበት፣ ካልሆነ ይሰነጠቅና ፕላስቲኩ ውኃ ውስጥ ይቀራል። ላዩ ላይ ፊላ በወፍራሙ ይነጠፋል፣ ከዚያ አፈር፣ ከዚያ ሣር። ጠርዙ እንቁላል እንዳይንከባለል ከፍ ይበል። አንድ ጎኑ ግን ወደ ውኃው ዘንበል ብሎ መውረድ አለበት፤ ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። የዳክዬና የይብራ ጫጩት ከተፈለፈለ በአንድ ቀን አካባቢ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ሲበርደውና ሲደክመው ደግሞ ተመልሶ መውጣት አለበት። መውጫ የሌለው መደብ የወፍ ወጥመድ ነው። ከፊላ ቀስት አድርጋችሁ ግማሹን ብትሸፍኑት ከላይ ለሚመጣው ጭልፊትም ሆነ ዓሣ በላው ንስር እንዳይታይ ይረዳል።

ገመዱን አታሳጥሩት። ክረምት ውኃው ሲሞላ አጭር ገመድ መደቡን ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ያሰጥመዋል። በሁለት በኩል በድንጋይ በተሞላ ማዳበሪያ አሥራችሁ ገመዱን ላላ አድርጉት። መደቦቹን ደግሞ አትደርድሯቸው። ጥቁሩ ወፍም ይብራውም በጎጆው ዙሪያ ሌላ ሲመጣ ይደባደባል፣ አንዱ ጉልበተኛ ጥንድ ሁሉንም ይዞ ቁጭ ይላል። ራቅ ራቅ አድርጋችሁ ጥቂት ብትሠሩ ይሻላል።

ጨፋ ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ ወርዶ ወደ ከሚሴ ሲሄድ የቦርከና ወንዝ የሚተኛበት ያ ሰፊ ረግረግ ጥልቀት የለውም። እዚያ የአፈር ደሴት ይሠራል። በበጋ፣ ውኃው ሲሸሽ፣ ዙሪያውን ቦይ ትቆፍራላችሁ፣ የወጣውን አፈር መሐል ትከምራላችሁ። ቦይው ውሻ በእግሩ የማይሻገረው ጥልቀትና ስፋት ይኑረው፤ ክምሩ የክረምቱ ሙላት ከሚደርስበት በላይ ይሁን፣ ጎኖቹ ግን ገደል አይሁኑ፣ ቀስ እያሉ ይውረዱ። ዛፍ አትትከሉበት። አውቃለሁ፣ ባዶ መሬት ስናይ ችግኝ መትከል እንወዳለን። ደሴት ላይ የቆመ ዛፍ ግን ለቁራና ለጭልፊት መቀመጫ ነው የሚሆነው፣ ከላይ ሆኖ እንቁላሉን ይቆጥራል። አጭር ሣር ይበቃል።

ጨፋ ላይ ግን ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ መቆፈር አይቻልም፣ መሆንም የለበትም። በበጋ ኦሮሞውም አፋሩም አማራውም አርጎባውም ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ቦታ ነው። ለሰውም ለከብትም ሕይወት ነው። አንድ ሰው ፕሮጀክት ብሎ መጥቶ መሐሉን ቢያጥር ጠብ ይነሣል፣ ወፉም አይተርፍም። የከብቱ መንገድ የት እንደሆነ፣ ከብቱ የማይገባበት የትኛው ጥግ እንደሆነ የሚያውቁት እረኞቹ ናቸው።

"ሰው በተራበበት አገር ስለ ወፍ ጎጆ ታወራላችሁ?" የሚለኝ ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ ማንም ሊጠይቀው መብት አለው። ረሀብም አይተናል፣ ጦርነትም አይተናል። የምመልሰው ግን ይሄን ነው። ወፉ የሚሸሸግበት ፊላ ጎርፍ የሚያመጣውን ደለልም የሚይዘው እሱ ነው። የቆሮሶ ግልገሎችም ከትልቁ ዓሣ የሚያመልጡት ጥልቀት በሌለው፣ ተክል ባለበት ዳር ነው። ቆሮሶ ሐይቅ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ዛሬ ስንት ቤተሰብ ከእሱ ያድራል። ዳሩ ከተራቆተ የሚጎዳው ወፉ ብቻ አይደለም። ለወፍ ብለን አሥር ሜትር ፊላ ብንተው ለዓሣ አስጋሪውም ተውንለት ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ፣ በግልጽ መባል ያለበት። ደሴት የፊላ ምትክ አይደለም። ዳሩን ሁሉ አጭደን፣ አርሰን፣ ከዚያ መሐል ላይ ሦስት መደብ አንሳፍፈን "ጠበቅን" ብንል ራሳችንን መሸወድ ነው። ጫጩቶቹ ከመደቡ ወርደው የሚበሉትም የሚሸሸጉትም ዳሩ ላይ ነው። ደግሞም ቦታ ያጡ ወፎች ሁሉ አንድ ደሴት ላይ ሲታጨቁ በሽታ በቀላሉ ይተላለፋል። መጀመሪያ ያለውን መተው፣ ከዚያ መጨመር። ቀጠማ አጫጆች አንድ ላይ ሆነው "ይሄ ጥግ እስከ ጥቅምት አይነካም" ቢሉ፣ እኔ ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ቄሱም ሼሁም በአንድ ቃል ቢናገሩበት ደግሞ ወሎ ላይ የሚያፈርሰው የለም።

ሌላው ሥራ የእኛ፣ የጎብኚዎቹ ነው። የታቀፈች ወፍ ካያችሁ ጀልባውን አታስጠጉ። እባካችሁ። ለፎቶ ብላችሁ ስትቀርቡ ትነሣለች፣ እናንተ አንድ ደቂቃ ነው የምትቆዩት፣ ለቁራው ግን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ልጆች ሲያስነሷቸው ካያችሁም አትቆጡ፣ ጠርታችሁ ስለ ጃካናው አባት ንገሯቸው። እኔ ሞክሬው አይቻለሁ፣ ዓይናቸው ይፈካል፣ ወዲያው "የት ነው ያለው?" ነው የሚሉት።

ለመጀመር የሚያስብ ካለ ጊዜው ከክረምቱ በፊት ነው፤ ግንቦት ላይ ውኃ ላይ ቢሆን ወፎቹ ይለምዱታል። ወቅቱ ሲያልፍ ጥር ላይ አውጥታችሁ ፊላውን ትቀይራላችሁ፣ ገመዱን ትፈትሻላችሁ፣ የተሰነጠቀ ጄሪካን ትጥላላችሁ። ይሄን የሚሠራ ሰው ከሌለ አትጀምሩት፤ የተተወ መደብ ተበጣጥሶ ቆሻሻ ሆኖ ነው የሚቀረው። ሳሩንም ከሌላ ሐይቅ አታምጡ፣ በተለይ ከጣና አካባቢ፣ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያው ከዳሩ ያለው ይበቃል። ድንጋዩን ከመጣላችሁ በፊት ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቁ። መረቡ የት እንደሚዘረጋ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጥግ ፀጥ እንደሚል ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መደቡንም በየቀኑ እያዩ የሚያልፉት እነሱ ናቸው።